ባለ እጁን መድረክ ላይ ማስቀመጥ፦ ስለ ዕደ ጥበብና ስለ ከተማ ሕንፃዎች ሕዝባዊ ገለጻ ለሚያዘጋጁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቀደምት የእንጨት ቤቶች የተዘጋጀ ሕዝባዊ ገለጻ ለመስማት ሄጄ ነበር። ተናጋሪው በስክሪን ያሳዩን በረንዳ በቅርቡ የተጠገነ ሲሆን፣ የጠገኑት አዛውንት አናጢም በአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ በረንዳው ብዙ ተባለ፤ የእርሳቸው ስም ግን አልተጠራም፣ አንድም ጥያቄ አልቀረበላቸውም። ስንወጣ ከጎኔ ነበሩና፣ ቀስ ብለው «ያ መጋጠሚያ እኮ ምስማር የለውም፤ የያዘው የእንጨት ሽብልቅ ነው» አሉኝ። ምሁሩ በምስማር የተያያዘ ነው ብለው ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያን ዓይነት ገለጻ ዳግመኛ እንዳይዘጋጅ በመመኘት ነው። ስለ ሸማ፣ ስለ ስፌት፣ ስለ ብር ጌጥ፣ ስለ ግንብ ወይም ስለ በር ሕዝብ ሰብስቦ ማስረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ማኅበርም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትም ይሁን የሰፈር ዕድር፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ጥሩ ገለጻ ማዘጋጀት ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ነገር ሥራውን የሚያውቀው እጅ ከተናጋሪው እኩል መድረክ ላይ እንዲቀመጥ መወሰን ነው።

ርዕሱን ማጥበብ

አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት «የከተማችን ቅርሶች» ወይም «የኢትዮጵያ ዕደ ጥበብ» ከሚል ሰፊ ርዕስ ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ተናጋሪውን ከአክሱም ጀምሮ እስከ ዛሬ እንዲሮጥ ያስገድደዋል፤ አድማጩም ወደ ቤቱ የሚወስደው አንድም የተጨበጠ ነገር አያገኝም። ይልቅስ አንድ ዕቃ፣ አንድ የሕንፃ ክፍል ወይም አንድ የአሠራር ዘዴ ብቻ ይመረጥ። ርዕሱ በአንድ እጅ ሊጠቆም የሚችል ካልሆነ ገና አልጠበበም ማለት ነው።

ለምሳሌ የአፍሪካ አዳራሽን እንውሰድ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት በመሆኑ ስለ እርሱ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ፖለቲካ ነው። ስለ ዕደ ጥበብ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን በአዳራሹ መግቢያ ያለው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ብቻውን ለአንድ ገለጻ ይበቃል። ሠዓሊው የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን በሦስት ክፍል አቀረበው፤ ሕንፃውን የነደፈው ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትንም የነደፈው እርሱ ነው፤ መስታወቱ ደግሞ የተሠራው ፈረንሳይ አገር ባለ የመስታወት ሥራ ቤት ነው። እንግዲህ ጥሩ ጥያቄ ከዚህ ይወለዳል፦ በወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ እንዴት ወደ መስታወት ይሻገራል? ቀለሙ መስታወቱ ሲቀልጥ ይገባል ወይስ በኋላ ይቀባል? የሠዓሊው ድርሻ የት ያበቃል፣ የመስታወት ሠሪው የት ይጀምራል? አድማጭ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኘ በኋላ ስለ ሕንፃው ታሪክ የሚነገረውን ሁሉ በሌላ ጆሮ ይሰማል።

ሌላው ምሳሌ የበለጠ ቅርብ ነው። ብዙዎቻችን ያደግንበት የጭቃ ቤት ግድግዳ፣ በዩኒቨርሲቲም በሰፈርም እንደ ድህነት ምልክት ይታያል እንጂ እንደ ዕውቀት አይነገርለትም። ነገር ግን ከምኒልክ ዘመን ወዲህ አዲስ አበባ የቆመችው በዚህ ግድግዳ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፣ ከዚያ ምርጊት፣ በመጨረሻም ልስን ይከተላል። ጭቃው ሳይቦካ ቢመረግ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ከመሬት ከፍ ካላለ ዝናብ የቋሚውን እግር እንደሚያበሰብሰው፣ የጣሪያው ክፈፍ ወጣ ካላለ ግድግዳው እንደሚታጠብ የሚያውቅ ግንበኛ በየሰፈሩ አለ። ይህን ርዕስ መርጦ የሰፈሩን ሰው የሚጠራ አዘጋጅ አዳራሹ እንደሚሞላለት አልጠራጠርም፤ እያንዳንዱ አድማጭ የሚጨምረው ነገር ይኖረዋልና።

የቤተ ክርስቲያን ሕንፃም ቢሆን እንዲሁ ሊጠብብ ይችላል። በአራዳ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በኢጣሊያዊው መሐንዲስ ሰባስቲያኖ ካስታኛ መሪነት የተሠራ ነው። የካቴድራሉን ታሪክ በሙሉ ከመተረክ ይልቅ «ክቡ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ስምንት ማዕዘን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አሮጌውን የክብ አሠራር የሚያውቅ ግንበኛና አንድ የሥነ ሕንፃ መምህር በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዓት ሊነጋገሩ ይችላሉ።

ተናጋሪውና ባለ እጁ

አማርኛ ለዕደ ጥበብ ሠሪ ያለው የቀድሞ ቃል «ባለ እጅ» ነው። ክብር ያለው ቃል ነው፤ ነገር ግን ባለ እጆች በአገራችን ብዙ ዘመን የተከበሩ አልነበሩም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ፋቂውና ሸማኔው በሥራቸው ይሰደቡ፣ ከጋብቻና ከማኅበር ይገለሉ፣ ቡዳ ይባሉ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ የከፋ ስለነበረ ነው። ይህን የማነሳው ታሪክ ለማስታወስ ያህል ብቻ አይደለም፤ አዘጋጁ ወደ አንድ ሸማኔ ወይም አንጥረኛ ቤት ሲሄድ፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማረ አምጡ» የሚሉት ይህ ታሪክ ከኋላቸው ስላለ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ለአንድ ጊዜ እምቢታ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሥራቸውን እየተመለከቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና ጠጥቶ መመለስ፣ ዕድሜያቸው ከገፋ «ጋሼ» ወይም «እማማ» እያሉ አንቱ ብሎ ማነጋገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥያቄውን ስለ ሥራው አድርጎ ማቅረብ ልብ ይከፍታል።

ባለ እጅን «ንግግር ያድርጉልን» ማለት ስሕተት ነው። ብዙዎቹ በሕዝብ ፊት ቆሞ መናገርን ይፈራሉ፤ እጃቸው ሥራ ላይ ሲሆን ግን አንደበታቸው ይፈታል። ስለዚህ መድረኩ ላይ አንድ ጠያቂ፣ አንድ ምሁርና አንድ ባለ እጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፤ ባለ እጁ መሣሪያቸውን ይዘው ይምጡ። አናጢ ከሆኑ መሮ፣ መላጊያና ቱምቢ፤ ስፌት ሠሪ ከሆኑ ወስፌ፣ ስንደዶና አክርማ። ጠያቂው ከሳምንት በፊት ከእርሳቸው ጋር ተቀምጦ የሚጠይቃቸውን ከሰባት የማይበልጡ ጥያቄዎች ያስማማ። ጥያቄዎቹ «ዕደ ጥበብ ለአገር ልማት ያለው ፋይዳ ምንድን ነው?» የሚሉ አይሁኑ፤ «እንጨቱ እንደ ደረቀ በምን ያውቃሉ?»፣ «መጀመሪያ የተበላሸብዎ ሥራ ምን ነበር?»፣ «ይህን መጋጠሚያ ማን አስተማረዎት?» የሚሉ ይሁኑ። ምሁሩም በበኩላቸው የባለ እጁን የሥራ ቦታ አስቀድመው እንዲያዩ መጠየቅ አለባቸው። የተሳሳተው የምስማር ነገር በዚህ አንድ ጉብኝት ይቀር ነበር።

ቋንቋው ሊታሰብበት ይገባል። በሽሮ ሜዳ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋዎች የመጡ ናቸው፤ ስለ ድርና ማግ በራሳቸው ቋንቋ የሚያውቁት ቃል በአማርኛ ከሚያውቁት ይበልጣል። ጥሩ አስተርጓሚ ካለ በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ የመሣሪያዎቹም ስም በዚያው ቋንቋ ለአድማጭ ይነገር።

የክፍያ ነገር ደግሞ በሹክሹክታ የሚያልፍ አይደለም። ሸማኔ በቀን በሚሸምነው የሚያድር ሰው ስለሆነ፣ መድረክ ላይ የዋለበት ግማሽ ቀንና የዝግጅቱ ቀናት ሲደመሩ ገቢው ይጎድላል። ለምሁሩ የንግግር አበል ከተከፈለ ለባለ እጁም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይከፈል፤ መጓጓዣውም ይታሰብ። ስማቸው በማስታወቂያው ላይ ከምሁሩ ስም ጋር በአንድ መጠን ፊደል ይጻፍ። የምስክር ወረቀት መስጠት መልካም ነው፤ ገንዘቡን ግን አይተካም።

ቀንና ቦታ

ቀን ሲመረጥ የአዳራሹ ክፍት መሆን ብቻ አይታይ፤ የባለ እጁ ዓመት ይታይ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለምና ሸማኔ በታኅሣሥ ጊዜ የለውም። አዘጋጅ ግን ሕዝቡ ስለ ልብስ የሚያስበው ያኔ ነው ብሎ በታኅሣሥ ገለጻ ያደርጋል፤ ያኔ የሚመጡት ጥሩዎቹ ሸማኔዎች ሳይሆኑ ሥራ የሌላቸው ይሆናሉ። የመስከረም አጋማሽም አይሆንም፤ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች ለመስቀል ወደ አገራቸው ይገባሉ። ኅዳር ወይም የካቲት ይሻላል። ለግንብና ለአናጢ ሥራ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ በበጋ ግንበኛ ሥራ ላይ ስለሆነ ፋታ የሚያገኘው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ የእግር ጉብኝት አይቻልም። ስለዚህ ገለጻውን በነሐሴ፣ ጉብኝቱን በጥቅምት አድርጎ መክፈል ይቻላል። የሳምንቱ ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢሆን ብዙ ሰው ይመጣል።

ቦታን በተመለከተ የምመክረው ርዕሱ ራሱ ያለበትን ቤት መጠቀም ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረ ስለሆነ፣ ስለ ቀደምት ቤቶች በዚያ መናገር ማለት ምስሉን ትቶ ግድግዳውን ማሳየት ነው። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሁለቱም የራሳቸው አሠራር አላቸውና ጥያቄው በደብዳቤ፣ ቀንና የተመልካች ብዛት ተጠቅሶ፣ ቢያንስ ከወር በፊት ይቅረብ። የአፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ አስቀድሞ የስም ዝርዝር ማስመዝገብ ግድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ የሚደረግ ከሆነ ከአስተዳዳሪው ጋር የጸሎት ሰዓትን፣ አለባበስንና ፎቶ ማንሳትን በግልጽ መነጋገር ይገባል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ አዘጋጆች ደግሞ ሐረርን አስባለሁ። የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት በደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች፣ በግድግዳው የተቦረቦሩ የዕቃ ማስቀመጫዎችና የተሰቀሉት ስፌቶች አንድ ላይ ሆነው ሕንፃውንና ጌጡን መለየት እስከሚያስቸግር ድረስ የተዋሐዱ ናቸው። ይህን በአዳራሽ በምስል ማሳየት ያሳዝነኛል። ባለቤቶቹ ከፈቀዱ ሃያ ሰው ብቻ ተጠርቶ ነደባው ላይ ተቀምጦ፣ ስፌቱን የሰፉት እናት ራሳቸው ያስረዱ። ሌላ ሃያ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይጠራል።

በአዳራሹ ውስጥ

አድማጭ ከመግባቱ በፊት በእጅ የሚዳሰሱ ነገሮች ይዘጋጁ። ስለ ሸማ ከሆነ ፍሬው ያልወጣ ጥጥ፣ ከዚያ በደጋን የተነደፈው ባዘቶ፣ ከዚያ ፈትሉ፣ በመጨረሻም ጥለት ያለበት ቁራጭ ሸማ በየረድፉ እየተላለፈ ይዳሰስ። ይህን ያየ ሰው እጅ ከፈተለው ድርና ከፋብሪካ ድር የተሠራውን ለመለየት ተናጋሪ አያስፈልገውም፤ ጣቱ ይነግረዋል። የሸማኔው መሣሪያ ግን እግር የሚገባበት ጉድጓድ ስለሚፈልግ ወደ አዳራሽ አይመጣም። አንዳንዶች ለመድረክ ብለው በእንጨት ላይ የቆመ ማሳያ ያሠራሉ፤ እኔ ግን ሸማኔው በራሱ ቦታ ሲሠራ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ማንሳትና የመወርወሪያው ድምፅ በደንብ እንዲሰማ ማድረግ የበለጠ እውነተኛ ነው እላለሁ።

አንድ ካሜራ ወደ ባለ እጁ እጅ ብቻ ተነጣጥሮ ምስሉ በስክሪን ይታይ። በኋላ ረድፍ ያለ ሰው መሮው በእንጨቱ ላይ በምን ያህል ማዕዘን እንደሚያርፍ ካላየ፣ ገለጻው ለእርሱ ሬዲዮ ሆኖበታል። የአንገት ማይክሮፎን ካልተገኘ ጠያቂው የእጅ ማይክሮፎኑን ራሱ ይያዝላቸው፤ እጃቸው ሥራ ላይ ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ምስሎቹ ታትመው በትልልቅ ወረቀት ቢኖሩ ዝግጅቱ አይቋረጥም።

የምስል ቁጥር ከሃያ አይብለጥ። እያንዳንዱ ምስል ላይ ቦታው፣ የተነሣበት ዓመት፣ ሠሪው ከታወቀ የሠሪው ስም ይጻፍ። ይህ በተለይ ለአዲስ አበባ አስፈላጊ ሆኗል፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋልና፣ የጣሪያ ጠርዛቸው እንደ ዳንቴል የተቦረቦረ እንጨት የነበራቸው በረንዳዎች ዛሬ የሚታዩት በፎቶ ብቻ ነው። አንዱን ቤት ከሌላው ሳይለዩ ያለ ስም ማቅረብ ሁለተኛ ጊዜ ማጥፋት ይመስለኛል።

ጊዜውን በተመለከተ ጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ተኩል ባይበልጥ ጥሩ ነው። የእንግዶች የመክፈቻ ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ ምሁሩ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ የባለ እጁና የጠያቂው ንግግር ከዚያ ትንሽ የበለጠ ጊዜ፣ ቀሪው ለአድማጭ ይሰጥ። ሰዓት ሲያጥር የሚቀነሰው ብዙ ጊዜ የባለ እጁ ክፍል ስለሆነ እርሱን ከመጀመሪያ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል።

በጥያቄው ሰዓት አንድ የማይቀር ነገር ይመጣል፦ አንድ ሰው ተነሥቶ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ጠያቂው በትሕትና «ጥያቄዎ ለማን ነው?» ብሎ ወደ መንገዱ ይመልሰው። ከዚያ ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው ሌላው ነው፤ ከአድማጮች መካከል ዝም ያለው አሮጌ ግንበኛ ወይም እናቷ ፈታይ የነበረች ሴት። ከበር ላይ የሚቀበሉት አስተባባሪዎች «እርስዎም በዚህ ሥራ ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁ፣ ስማቸውን ለጠያቂው ያቀብሉ።

ከአዳራሹ ከወጡ በኋላ

የእግር ጉብኝት ከተጨመረ ከሦስት ቦታ በላይ አይሁን፤ ሰውም ከሃያ አምስት አይብለጥ። ለምሳሌ ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ተነሥቶ፣ አንሪ ሾሜት ወደ ነደፈው ክብ የንግድ ባንክ ሕንፃ መሻገር ይቻላል፤ ርቀቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንበሳው የቆመው በ1948 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ ነው። በየቦታው አንድ ድንጋይ ጠራቢ ወይም ግንበኛ ቢገኝና የድንጋዩን ጠርዝ በጣቱ እየነካ ምን ዓይነት መሮ እንደተጠቀሙበት ቢያስረዳ፣ ሕዝቡ በየቀኑ በታክሲ የሚያልፈውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል።

የድምፅና የቪዲዮ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ከመቅረጹ በፊት የባለ እጁ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ፣ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ፈቃዳቸው በድምፅ ይቀረጽ። አንዳንድ አንጥረኞች የቅልቅላቸውን ምስጢር ከመድረክ ተናግረው በኋላ ይጸጸታሉ፤ ያ ክፍል ይቆረጥልኝ ካሉ ያለ ክርክር ይቆረጥ። በሳምንቱ ውስጥ አስተባባሪው ቅጂውን በፍላሽ ይዞ፣ የታተሙ ፎቶዎችን ጨምሮ ወደ ሥራ ቦታቸው ይሂድ። በዚያው አጋጣሚ ቅጂውን አብረው እየተመለከቱ በተናጋሪው ንግግር ውስጥ የተሳሳተ ነገር ካለ ይጠይቃቸው፤ የሚሰጡትን እርማት በወረቀት ጽፎ ከቅጂው ጋር ያስቀምጥ፣ ለምሁሩም አንድ ቅጂ ይላክ።